በቢቸናና በሞጣ የእህል አበጣሪ ሴቶች ጤና የማን ጉዳይ ነው?

ከቢቸና የተጫነ ነጭ ጤፍ አዲስ አበባ እህል በረንዳ በደረሰ ጊዜ ገዥው አስቀድሞ የሚመለከተው ንጽሕናውን ነው። እፍኝ ዘግኖ በመዳፉ ላይ ይበትነዋል፤ ጠጠርና ገለባ፣ እንክርዳድና አፈር መኖር አለመኖሩን ይመረምራል፤ ዋጋውንም የሚቆርጠው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ንጽሕና እህሉ ከአውድማ ይዞት የመጣው አይደለም። በከብት ተበራይቶ በላይዳ የተመረተ ጤፍ ምንጊዜም ቢሆን አፈርና ጭድ ሳይቀላቀልበት አይቀርም። ጥራቱን ሰጥቶ ዋጋውን ያስጨመረለት በመጋዘኑ ደጃፍ የተቀመጠችው የአበጣሪዋ ሰፌድና ወንፊት ነው። በነጋዴው የሒሳብ መዝገብ ላይ ግን የእርሷ ድካም የሚገኘው «ልዩ ልዩ ወጪ» ከሚለው መስመር ሥር ነው፤ እርሱም ከተጻፈ ነው።

መኸር ተሰብስቦ ገበያው በሚሞቅባቸው ወራት የእነማይ ገበሬ ጤፉንና ስንዴውን፣ ሽንብራውንና ጓያውን ወደ ቢቸና ያወጣል፤ የሁለት እጁ እነሴም ገበሬ እንዲሁ ወደ ሞጣ። ነጋዴው የገዛውን በጆንያ አድርጎ ከመጋዘኑ ሲያስገባ ሴቶቹ ገና በማለዳው ሥራ ይጠብቃሉ። ከገጠር ቀበሌ ሌሊት ተነሥታ በእግሯ የመጣች አለች፤ በከተማው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ልጆች የምታሳድግ አለች፤ ባሏን በሞት ያጣች አለች፤ ትምህርቷን አቋርጣ ለታናናሾቿ ደብተር መግዣ የምትሠራ ወጣትም አለች። አንዳንዷ ሕፃኗን አዝላ ታበጥራለች። ክፍያው ብዙውን ጊዜ ባጠራችው ኩንታል ልክ ስለሆነ ቀና ብላ ውሃ የጠጣችበት ደቂቃ እንኳ ከገቢዋ ላይ የተቀነሰ ይሆናል። አፍና አፍንጫዋን የምትሸፍነው በነጠላዋ ጫፍ ነው። ነጠላውም ገለባውን ያግዳል እንጂ ወደ ሳንባ የሚዘልቀውን ደቃቅ አቧራ አያግድም።

ስለዚህ አቧራ የሚነገረው ነገር አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ በሞዴና ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ እህል ለሚነፉና ለሚሰፍሩ ሰዎች ብቻውን አንድ ምዕራፍ መድቦላቸዋል። ጉሮሯቸውና ሳንባቸው በአቧራው እንደሚጎዳ፣ ዓይናቸው እንደሚቆጣ፣ ገላቸውም እንደሚያሳክካቸው ጽፏል። የዛሬው የሕክምና ትምህርት ምክንያቱን ጨምሮ ያስረዳል። የእህል አቧራ አፈር ብቻ አይደለም፤ ሻጋታ፣ የነፍሳት ስባሪ፣ የእህሉ ቅርፊት ብናኝና ከባክቴሪያ የሚወጣ መርዛም ነገር አለበት። ይህ ሁሉ በየቀኑ ሲተነፈስ አስምን ያስነሣል፤ የማይለቅ ሳልንና የአየር ቧንቧ ቁስለትን ያመጣል፤ አንዳንዱን ሰው ደግሞ ማታ ማታ ብርድ ብርድ እያለው ያተኩሰዋል። ብዙ ሴቶች ይህን ትኩሳት ወባ ነው ብለው ያልፉታል፤ ወይም ድካም ነው ብለው ይተኙበታል።

ራማዚኒ ለሐኪሞች የተወላቸው ሌላም ምክር አለ። ሐኪም በሽተኛውን ከሚጠይቃቸው ከጥንት የታወቁ ጥያቄዎች ላይ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ እንዲጨምር ነው። ይህች ጥያቄ በጤና ጣቢያ ካርድ ላይ ቦታ ቢኖራትም አበጣሪዋ ስትጠየቅ «ሥራ የለኝም» ብላ ልትመልስ ትችላለች። የቀን ሥራ ሥራ ነው ብሎ የነገራት የለምና! ነርሷም ሳሉን እንደ ማንኛውም ሳል ቆጥራ መድኃኒት ትሰጣታለች፤ ሴቲቱም በማግሥቱ ወደዚያው አቧራ ትመለሳለች። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ መጋዘን ሦስት ሴቶች በአንድ ዓይነት ሳል ቢመጡ እንኳ፣ ሕመሙን ከመጋዘኑ ጋር የሚያገናኝ ሰው ላይገኝ ይችላል ማለት ነው።

ሌላው ጉዳት የሚመጣው ለነቀዝ ከሚደረገው መድኃኒት ነው። ጤፍ ከደቃቅነቷ የተነሣ ነቀዝ አይደፍራትም፤ ለዓመታትም ሳትበላሽ ትቀመጣለች። ስንዴ፣ በቆሎ፣ ባቄላና ሽንብራ ግን በመጋዘን ሲከርሙ ያለ መድኃኒት የሚተርፉ አይደሉም። ነጋዴው በጆንያዎቹ መካከል የሚያስቀምጠው ክኒን እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለውን ጋዝ ያወጣል። ይህም ጋዝ ነቀዙን የሚገድለውን ያህል ሰውንም የሚገድል ነው። መጋዘኑ ተከፍቶ በሚገባ ሳይናፈስ ሰው እንዳይገባበት የሚከለክለው ማስጠንቀቂያ በዕቃው ላይ ተጽፏል፤ ጽሑፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ በባዕድ ቋንቋ ነው። ሸቀጡ ለመጫን በተጣደፈ ጊዜ በሩ ተከፍቶ ወዲያውኑ «ግቡና አውጡ» የሚባሉት የቀን ሠራተኞች ናቸው። ራስ ምታቱ፣ ማቅለሽለሹና የደረት መጨነቁ ከምን እንደመጣ ላይታወቅ ይችላል። ለነፍሰ ጡሯማ አደጋው የሁለት ነፍስ ነው።

በሁለቱ ከተሞች የሚሠሩት ሴቶች አበጣሪዎች ብቻ እንዳልሆኑ የታወቀ ነው። በሆቴሎችና በምግብ ቤቶች ወጥ ቤት በጭስ ውስጥ የምትውለው፣ ለገበያ እንጀራ የምትጋግረው፣ ጠላና አረቄ የምታወጣው፣ በግንባታ ሥራ ላይ አሸዋና ድንጋይ የምትሸከመው ሁሉ የየራሷ ሕመም አለባት። የወጥ ቤቱ ጭስ ነገር ግን መላ ያለው ነው። ምርት የተባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን አፍኖ የማገዶውን ፍጆታ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ከተረጋገጠ ቆይቷል፤ ጭሱም ይቀላል። ሒሳብ የሚያውቅ የሆቴል ባለቤት ስለ ጋጋሪዋ ሳንባ ባያስብ እንኳ ስለ ማገዶው ዋጋ ብሎ ሊያደርገው የሚገባ ነው።

አሁን ደግሞ በጋዜጣና በስብሰባ ላይ ለመናገር የሚታፈርበት፣ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ቀላል መፍትሔ ያለው ጉዳይ ይነሣ። አንዲት ሴት ከማለዳ እስከ ማታ የምትውልበት ግቢ መጸዳጃ ቤት ከሌለው ምን ታደርጋለች? ወንዱ ከአጥር ጥግ ዞር ይላል። እርሷ ግን እስኪመሽ ትታገሣለች፤ ለመታገሥም እንዲመቻት ውሃ ሳትጠጣ ትውላለች። ውሃ አለመጠጣትና ሽንትን ይዞ መዋል የሽንት ቧንቧ ሕመም እንደሚያመጣ ሐኪሞች ሁሉ ይናገራሉ። በእርግዝና ጊዜ ይህ ሕመም ወደ ኩላሊት ሊወጣና ያለ ጊዜው ለመውለድ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የወር አበባዋ በመጣ ቀን ደግሞ የምትለውጥበትና የምትታጠብበት ስፍራ ስለማታገኝ ከሥራ ትቀራለች፤ የዚያን ቀን ገቢዋንም ታጣለች። ነጋዴው የሚያውቀው ሠራተኛዋ ሳትመጣ መቅረቷን ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም አትነግረውም።

በዚህ ነገር ላይ የንግድ ሰዎች ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ምሳሌ አለ። በመቐለ ከተማ ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ ታጥቦ ተመልሶ የሚያገለግል የወር አበባ መጠበቂያ የሚያመርት ፋብሪካ አቋቁመው ብዙ ሴቶችን የሥራ ባለቤት አድርገዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ የመረጣቸውም ስለዚሁ ሥራቸው ነው። የቢቸናና የሞጣ ልብስ ሰፊዎችና ባለ ሱቆች ዕቃው ገዥ የለውም ብለው ከሆነ የተዉት፣ ገዥዎቹ በየመጋዘኑ ደጃፍ ተቀምጠዋል።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ ቢባል፣ ዋናው ነገር ሰዓት ነው። በመንግሥት ጤና ተቋማት የእርግዝና ክትትል፣ የወሊድ አገልግሎት፣ የቤተሰብ ምጣኔና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። በሁለቱም ከተሞች ጤና ጣቢያ አለ፤ ሆስፒታልም አለ። አገሪቱ በዚህ ረገድ ያደረገችው እርምጃ የሚናቅ አይደለም። በሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ከመቶ ወላዶች 5ቱ ብቻ በጤና ተቋም ይወልዱ ነበር፤ በ2016 ይህ ቁጥር 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ደርሷል። ይሁን እንጂ 48 ማለት ከግማሽ በታች ነው። አበጣሪዋን ከጤና ጣቢያው ያራቃት የሐኪሙ ዋጋ አይደለም። ጤና ጣቢያው የሚከፈተውም መጋዘኑ የሚከፈተውም በአንድ ሰዓት ስለሆነ፣ ወረፋ ጠብቃ እስክትመለስ ድረስ የዕለት እንጀራዋ ይቀርባታል። በነጻ የሚሰጠው አገልግሎት ለእርሷ የአንድ ቀን ሙሉ ዋጋ ያስከፍላታል ማለት ነው።

ይህን ዋጋ ላለመክፈል ስትል የቀረችው ሴት በምጥ ጊዜ ችግር ቢደርስባት የሚከተለው ምን እንደሆነ በጎጃም የሚያውቀው ብዙ ነው። ሐኪሞቹ ሬጅናልድና ካትሪን ሐምሊን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የጀመሩት የፊስቱላ ሕክምና በ1974 የራሱ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ተከፈተለት፤ በ2005 ደግሞ በባሕር ዳር ቅርንጫፍ ተቋቋመለት። ሞጣ በባሕር ዳር መንገድ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ለዚያ ሕክምና ቅርብ ናት። ነገር ግን በጊዜው የተደረገ ክትትል ከዚያ መንገድ ያድናል። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ለሆኑ ሴቶች የሚሰጠው የማሕፀን በር ካንሰር ምርመራም እንዲሁ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ፣ በአቼቶ የሚደረግ ምርመራ ነው። በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚይዙት የካንሰር ዓይነቶች ሁለተኛው ይኸው ሆኖ ሳለ፣ ጊዜ አጥታ ሳትመረመር የምትቀር ሴት መኖሯ የሚያሳዝን ነው።

ሕጉ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ ምርመራ ስትሄድ ደመወዟ ሳይቋረጥ ፈቃድ እንዲሰጣት ያዝዛል። ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከነደመወዟ እንድታርፍ ይፈቅዳል፤ በሌሊትና በትርፍ ሰዓት እንዳትሠራም ይከለክላል። አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ግዴታ ጥሎበታል። በሥራ ቦታ የሚፈጸም ጾታዊ ትንኮሳና ጥቃትም የተከለከለ ነው። ይህ የመጨረሻው በዋዛ የተጻፈ እንዳይመስል። ማታ ሒሳብ የሚከፍለውም፣ ነገ ማን ሥራ እንደሚያገኝ የሚወስነውም አንድ ካቦ በሆነበት ግቢ፣ ወጣቲቱ ምን ዓይነት ፍርሃት ይዛ እንደምትውል ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ነጋዴው ግን የሚለው አለው፤ የሚለውም ሊሰማ ይገባዋል። «ይህች ሴት ዛሬ የእኔ ናት፤ ነገ የጎረቤቴ፤ ከነገ ወዲያ በስንዴ ነጋዴው ዘንድ ናት። በየትኛው የደመወዝ መዝገብ ላስገባት? ለአራት ቀን ለሠራችልኝ ሴት የአራት ወር የወሊድ ፈቃድ እንዴት ልክፈል?» ይላል። ይህ ክርክር ከክፋት የመጣ አይደለም። የእህል ንግድ የወቅት ንግድ ነው፤ ባለ መጋዘኑም አብዛኛውን ጊዜ በብድር የሚሠራ፣ በዓመት ውስጥ ጥቂት ወራት ብቻ ሠራተኛ የሚያስፈልገው ሰው ነው። እርግጥ የሥራ ውል በተለየ ፎርም ካልተጻፈ አይጸናም የሚል ሕግ የለም፤ ስለዚህ የቀን ሠራተኛዋም ሠራተኛ ናት። ቢሆንም ሕጉ ታስቦ የተጻፈው በር ላይ ዘበኛ፣ በውስጡ የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ላለው ድርጅት እንደሆነ ማንበብ ብቻ ያስረዳል።

እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ያደረጉት መልካም ነገር ሞልቷል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1954 ሥራ ሲጀምር፣ ያቋቋመው የሆላንድ ኩባንያ ሸንኮራው ያለ ጤነኛ ሠራተኛ እንደማይቆረጥ ስለተረዳ ለሠራተኞቹ ሐኪም ቤት አቁሞላቸው ነበር። በዝዋይ፣ የዛሬዋ ባቱ፣ የአበባ እርሻው ሼር ኢትዮጵያ ሆስፒታል ሠርቷል። የአበባና የአትክልት አምራቾችና ላኪዎች ማኅበርም በ2007 የራሱን የአሠራር ደንብ አውጥቶ አባሎቹን በነሐስ፣ በብርና በወርቅ ደረጃ እየመደበ የሠራተኞችን ደኅንነት ከመስፈርቶቹ አንዱ አድርጎታል። በዚያው ዓመት ቢኤስአር የተባለው ድርጅት በልዩ ልዩ አገሮች ፋብሪካዎች የጀመረው ሔርፕሮጀክት ደግሞ ከሠራተኞቹ መካከል ጥቂት ሴቶችን መርጦ ስለ ጤና ካስተማረ በኋላ፣ እነርሱ በሥራ ሰዓት ለጓደኞቻቸው እንዲያስተምሩ አድርጓል። ሴት ለሴት ስትነግር የማይነገረው ይነገራልና ይህ ዘዴ ብልኅነት ያለበት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ለቢቸናና ለሞጣ ተገልብጦ ሊወሰድ የሚችለው ግን ጥቂት ነው። አምስት ሴት ያለው ባለ መጋዘን ሆስፒታል ሥራ አይባልም። ሊወሰድ የሚገባው የአበባ ላኪዎቹ ብልኀት ነው፤ እርሱም አንዱ ብቻውን የማይችለውን በማኅበር ማድረግ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለምን? ሴቲቱ ዛሬ የአንዱ ነገ የሌላው ሠራተኛ መሆኗ፣ ነጋዴው እንደሚለው ከኃላፊነት የሚያወጣ ሳይሆን ኃላፊነቱን የሁሉም የሚያደርግ ነው። የሁሉም የሆነውን ነገር ለማንሣት ደግሞ ከንግድ ምክር ቤት የተሻለ አካል የለም። አዋጅ ቁጥር 341/1995 ምክር ቤቶችን የፈቀደው የአባላትን መብት እንዲያስከብሩ ብቻ ተብሎ ከታሰበ ንባቡ ጎድሎበታል፤ ንግዱ የሚቆመው በሠራተኛ ነውና የሠራተኛውም ጤና የንግዱ ጉዳይ ነው።

ምክር ቤቱ ሊያደርገው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር መዝገብ ነው። በከተማው የሚሠሩትን አበጣሪዎች፣ ጋጋሪዎችና የቀን ሠራተኞች ስም በአንድ መዝገብ ጽፎ ለእያንዳንዷ መታወቂያ ካርድ ቢሰጥ፣ ሴቲቱ በየትኛውም መጋዘን ብትውል ያው ሠራተኛ ናት። በዚያ ካርድ ላይ ሥራዋ ይጻፍ፤ በጤና ጣቢያ ስትጠየቅም «ሥራ የለኝም» አትልም። ከዚያ በኋላ ከጤና ጣቢያው ጋር ስምምነት ይደረግ። በወር አንድ ቀን፣ እህል በማይጫንበት ቀን ማለዳ፣ ነርስና የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወደ መጋዘኖቹ ሰፈር ይምጡ፤ የደም ግፊት፣ የሳልና የእርግዝና ምርመራ እዚያው ይደረግ፤ የበለጠ ሕክምና የሚያሻትም ደብዳቤ ተጽፎላት ወደ ሆስፒታል ትሂድ። ነጋዴው ለዚያች ሰዓት ይክፈል። አንዲት ሰዓት በወር! ለአንድ ጆንያ ማውረጃና መጫኛ ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ይህ ወጪ ሒሳብ ውስጥ የሚገባ አይደለም፤ ጥቅሙ ግን የሠለጠነች እጅ በገበያው ወራት መካከል ታማ እንዳትቀር ማድረጉ ነው። ጠጠር ከጤፍ የምትለይ ዓይን በአንድ ቀን አትገኝም።

ጭምብሉንም እንዲሁ ምክር ቤቱ በጅምላ ቢያስመጣው ይረክሳል። የሚያስፈልገው ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም፣ ለአቧራ ተብሎ የተሠራው ዓይነት እንጂ ሐኪሞች የሚያደርጉት ስሱ ጨርቅ አይደለም። ከጭምብሉ በፊት ግን ያለ ገንዘብ የሚሆን ነገር አለ። ሴቶቹ በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ሳይሆን በውጭ ከዳስ ጥላ ሥር፣ ነፋሱን በጀርባቸው አድርገው ቢሠሩ አቧራው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ለነቀዙ መድኃኒትም ደንብ ይውጣ፤ ክኒኑ የገባበት ቀን በበሩ ላይ በአማርኛ ይጻፍ፤ ተከፍቶ ሳይናፈስ ሴትም ወንድም እንዳይገባበት ይከልከል።

እህል የሚያጸዳ መኪና ተገዝቶ ነገሩ ቢያበቃስ የሚሉም አሉ። መኪናው መምጣቱ አይቀርም፤ አቧራውንም ያስቀራል። ከአቧራው ጋር ግን የእነዚህን ሴቶች እንጀራ አብሮ ሊጠርገው ይችላል። መኪናውን የሚያስመጣው ነጋዴ ወይም ማኅበር አስቀድሞ ከነባር አበጣሪዎቹ መካከል መርጦ ቢያሠለጥን፣ ከወንፊት ወደ መኪና የተሻገረች ሠራተኛ ከማንም ይልቅ የእህሉን ጠባይ የምታውቅ ትሆናለች።

ስለ ሕክምናው ወጪ ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው ይህ መድን ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ ተስፋፍቷል፤ የድኻ ድኻ ለሆኑት መዋጮውን መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ለአበጣሪዋ የሚያስቸግራት ሁለት ነገር ነው። መዋጮው በአንድ ጊዜ የሚጠየቅ ሲሆን የእርሷ ገቢ ግን በቀን በቀን የሚገኝ ነው። አባልነቱም በቤተሰብና በመኖሪያ ወረዳ ስለሚመዘገብ፣ ከሌላ ወረዳ መጥታ በቢቸና የምትሠራ ሴት ካርዷን ይዛ መሄጃ ታጣለች። ምክር ቤቱ የመጀመሪያውን በቀላሉ ሊያቃናው ይችላል፤ ነጋዴው በገበያው ወራት ከየሳምንቱ ሒሳብ ላይ በሴቲቱ ፈቃድ ጥቂት እያስቀመጠ፣ እኩሌታውንም ከራሱ እየጨመረ፣ የምዝገባው ጊዜ ሲደርስ በአንድ ላይ ይክፈል። ሁለተኛው ግን ከከተማ አስተዳደሩና ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ መነጋገርን የሚጠይቅ ነው።

ጊዜው ለእንዲህ ያለው ነገር አመቺ አይደለም የሚል ሰው ቢኖር ሐሰተኛ አይባልም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው የትጥቅ ግጭት ምሥራቅ ጎጃምን አላለፈውም፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር እህሉም መድኃኒቱም ባለበት ይቆያል፤ የጤና ባለሙያውም በሥጋት ይሠራል። ይሁን እንጂ በሰላሙ ጊዜ ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ባሕር ዳር ትላክ የነበረች ወላድ፣ መንገዱ በተቋረጠ ቀን የቀራት በአቅራቢያዋ ያለው ጤና ጣቢያ ብቻ ነው። ስለዚህ በደኅናው ወር የተደረገላት ክትትል፣ ካርዷ ላይ የተጻፈው የደም ግፊትና የደም ዓይነት፣ በክፉው ወር ነፍሷን ሊያቆይላት ይችላል። ከዚህም በላይ ጭምብልን፣ ዳስን፣ መጸዳጃ ቤትንና በበር ላይ የሚጻፍ ቀንን ከባሕር ዳር የሚያስመጣው የለም፤ ሁሉም በከተማው ውስጥ የሚገኝ ነው።

መጸዳጃ ቤቱን በተመለከተ ሁለቱ ምክር ቤቶች ደንባቸውን በሚያረቁበት ጊዜ አንዲት ትንሽ ነገር ባይዘነጉ መልካም ነው። በአንዳንድ ግቢ መጸዳጃ ቤት ተሠርቶ ሳለ የሚያገለግለው ለባለቤቱና ለእንግዶቹ ነው። በሩ ይቆለፋል፤ ቁልፉም በባለ መጋዘኑ ኪስ ውስጥ ሆኖ እርሱ ወደ ገበያ ይወጣል፤ እስከ ማታም አይመለስም። በደንቡ ላይ «መጸዳጃ ቤት ይኑር» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ እንዲህ ያለው ግቢ ሁሉ ደንቡን እንደፈጸመ ይቆጠራል። ስለዚህ አንደኛው ቁልፍ ሴቶቹ ራሳቸው በሚመርጧት በአንዷ እጅ እንዲሆን፣ ሁለተኛውም በዘበኛው ዘንድ እንዲቀመጥ፣ በበርሜልም ውሃ እንዲኖር በግልጽ ይጻፍ።